ማን ያሸንፋል? ግራንድማስተር፣ ማሽን እና የትንበያ ሒሳብ

ካዛንቺስ ካፌ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ ሰው ስቶክፊሽ የተባለውን ነጻ የቼዝ ፕሮግራም ጭኖ ከሆነ፣ በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን ካሸነፈው የአይቢኤም ማሽን የበረታ ተጫዋች በእጁ ይዟል። ዲፕ ብሉ የተባለው ያ ማሽን ቁመታቸው ከሰው በሚበልጥ ሁለት ጥቁር ሳጥኖች ውስጥ የተሞላ ነበር። ዛሬ የዓለም ምርጡ ተጫዋች ማግነስ ካርልሰን ከስልኩ ጋር እኩል ጠጠር ይዞ ስድስት ጨዋታ ቢገጥም፣ «ካርልሰን ያሸንፋል» ብሎ ምሳ የሚወራረድ ሰው ምሳውን አስቀድሞ እንደ ጋበዘ ይቁጠረው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ አልነበረም። ለአርባ ዓመት ያህል በሙያው አሉ የተባሉ ሰዎች ማን እንደሚያሸንፍ፣ መቼ እንደሚያሸንፍ ተንብየው ተሳስተዋል። ገሚሱ ቸኮለ፣ ገሚሱ ዘገየ። ስህተታቸው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ትንበያው በምን ሒሳብ እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሒሳቡን ያቀናው አርፓድ ኤሎ ነው፤ ሀንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የፊዚክስ መምህርና ራሱም ጥሩ ተጫዋች። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ ዘዴውን በ1970 ተቀበለው። እያንዳንዱ ተጫዋች ነጥብ አለው። ሲያሸንፍ ይጨምራል፣ ሲሸነፍ ይቀንሳል፤ ከሱ የበረታውን ሲያሸንፍ ብዙ ያገኛል፣ ደካማውን ሲያሸንፍ ግን ጥቂት ነው የሚደርሰው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ትንበያው የሚያየው የነጥባቸውን ልዩነት ብቻ ነው። እኩል ከሆኑ እያንዳንዳቸው 50 በመቶ ይጠበቅላቸዋል። ልዩነቱ 100 ነጥብ ሲሆን ብርቱው 64 በመቶ፣ 200 ሲሆን 76፣ 400 ሲሆን 91፣ 800 ሲደርስ ደግሞ 99 በመቶ ይጠበቅለታል።

የመጀመሪያው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። 64 በመቶ ሲባል ከመቶ ጨዋታ 64ቱን ያሸንፋል ማለት አይደለም። በቼዝ ማሸነፍ 1 ነጥብ፣ አቻ ግማሽ ነጥብ ነው፤ 64 በመቶው የሁለቱ ድምር ነው። የስፖርት ውርርድ ቲኬት የለመደ ሰው ለአንድ ጨዋታ ሦስት ኦድ ያያል፤ ባለሜዳው ቢያሸንፍ፣ አቻ ቢወጣ፣ እንግዳው ቢያሸንፍ። የኤሎ ሒሳብ ሦስቱን ጨምቆ አንድ ቁጥር ያደርጋቸዋል። ምን ያህሉ አቻ እንደሚሆን አይነግረንም፤ ትልልቅ ተጫዋቾች ሲገናኙ ደግሞ አቻ እጅግ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ነገር የግጥሚያው ርዝመት ነው። ብርቱው በ100 ነጥብ ይበልጣል እንበል፤ ከጨዋታዎቹም ግማሹ በአቻ ያልቃል ብለን እናስላ። ስድስት ጨዋታ ብቻ ቢጫወቱ ደካማው ጠቅላላ ግጥሚያውን የማሸነፍ ዕድሉ 9 በመቶ ገደማ፣ እኩል የመውጣት ዕድላቸው 14 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከአራት ግጥሚያ በአንዱ ያህል ብርቱው አላሸነፈም ማለት ነው። ግጥሚያው ወደ 24 ጨዋታ ቢረዝም ይህ ዕድል በጣም ይጠባል። ስለዚህ «ማን ያሸንፋል?» ለሚል ሰው የመጀመሪያው መልስ «ስንት ጨዋታ ነው?» የሚል ነው። ካስፓሮቭና ዲፕ ብሉ የተጫወቱት ስድስት ስድስት ነበር።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይከብዳል፤ ከሰው ወደ ማሽን ስንሻገር ሒሳቡ የሚሰበረውም እዚህ ነው። ነጥብ ትርጉም የሚኖረው እርስ በርስ በተጫወቱ ሰዎች መካከል ነው። ቂርቆስ ሰፈር ያሉ ሃያ ልጆች እርስ በርሳቸው ብቻ እየተጫወቱ ነጥብ ቢሰጣጡ ከመካከላቸው አንዱ 2400 ሊደርስ ይችላል። ያ 2400 ግን ኦስሎ ካለው የ2400 ተጫዋች ጋር አይነጻጸርም፤ ሁለቱን ማኅበር የሚያገናኝ ጨዋታ የለማ። የዛሬ የቼዝ ማሽኖች ልክ እንደነዚያ ልጆች ናቸው። በማሽኖች ዝርዝር ላይ ስቶክፊሽ 3600 አካባቢ ይሰጠዋል፤ ካርልሰን በሕይወቱ የደረሰበት ከፍተኛው ነጥብ 2882 ነው። በሰባት መቶ ልዩነት ማሽኑ 98 በመቶ ይጠበቅለታል ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን 3600 የተገኘው ማሽኖች ከማሽኖች ጋር ተጫውተው ነው። አቅጣጫውን ማንም አይጠራጠርም፣ የቁጥሩን ጥራት ግን ማንም አይምልበትም።

በ1997 ችግሩ ከዚህም የባሰ ነበር። ዲፕ ብሉ በሕዝብ ፊት የተጫወተው ጥቂት ጨዋታ ነው። በየካቲት 1996 ፊላደልፊያ ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸንፎ ዓለምን አስደነገጠ፤ ከዚያ ግን ካስፓሮቭ ሦስት አሸንፎ ሁለት አቻ ወጥቶ 4 ለ 2 ረታው። በቀጣዩ ዓመት ኒው ዮርክ የቀረበው ማሽን ስሙ ያው ቢሆንም ያው አልነበረም። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጥ ይመረምር ነበር፤ ግራንድማስተር ጆኤል ቤንጃሚንም ከመሐንዲሶቹ ጋር ተቀምጦ የቼዝ ዕውቀቱን አርሞለታል። የአምናውን ውጤት ይዞ የዘንድሮውን የሚተነብይ ሰው ሳያውቀው ስለ ሌላ ተጫዋች እያወራ ነበር።

ወደ ቀደሙት ነቢያት ልመለስ። ኋላ በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ኸርበርት ሳይመን ከባልደረባው ከአለን ኒውል ጋር በ1957 ኮምፒውተር በአሥር ዓመት ውስጥ የዓለም ቼዝ ሻምፒዮን እንደሚሆን ተነበየ። አልሆነም። አሥሩ ዓመት ባለፈ ጊዜ፣ በ1968፣ የስኮትላንድ ሻምፒዮን የነበረው ዴቪድ ሌቪ በተቃራኒው ተወራረደ፤ እስከ 1978 ድረስ የትኛውም ማሽን እኔን በግጥሚያ አያሸንፈኝም አለ። የተወራረደው ከተራ ሰው ጋር አልነበረም። ከተወራራጆቹ አንዱ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለውን ዘርፍ ስም ያወጣለት ጆን ማካርቲ ነበር። ሌቪ በ1978 ቼስ 4.7 የተባለውን ፕሮግራም ቶሮንቶ ላይ 3.5 ለ 1.5 አሸንፎ ገንዘቡን ተቀበለ። በ1989 ግን ዲፕ ቶት ከተባለው የዲፕ ብሉ ታላቅ ወንድም ጋር ገጥሞ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ሌቪ አሥር ዓመቱን በትክክል ገምቷል፤ ሳይመንም «ይመጣል» ማለቱ ልክ ነበር። የሳይመን ስህተት ሰዓቱ ላይ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቸኩሏል።

የተሻለው ትንበያ የመጣው በመሃል ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን ቤል የተባለችውን የቼዝ ማሽኑን የተለያየ ጥልቀት እየሰጠ እርስ በርሷ አጫወታት፤ አንዷ አራት እርምጃ ወደፊት ታያለች፣ ሌላዋ አምስት። አንድ እርምጃ በተጨመረ ቁጥር ጥንካሬዋ በ200 ነጥብ ገደማ እንደሚያድግ፣ እየጠለቀ ሲሄድ ደግሞ ጭማሪው ቀስ በቀስ እንደሚያንስ አየ። ከዚያ በኋላ ትንበያው የሃርድዌር ሒሳብ ሆነ፤ ቺፑ በየስንት ዓመቱ ይፈጥናል? አንድ እርምጃ ለመጥለቅ ስንት እጥፍ ፍጥነት ያስፈልጋል? መስመሩን ስበህ የሻምፒዮኑን ነጥብ የት እንደሚነካ ማየት ነው። ዲፕ ብሉን የሠሩት ፌንግ ህሲዩንግ ህሱ እና ጓደኞቹ በዚህ መንገድ ነው ያሰቡት፤ ሩቅም አልሄዱም።

መስመሩ ያላየው ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው።

በ1997ቱ ግጥሚያ ካስፓሮቭ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፈ። በዚያ ጨዋታ መጨረሻ አካባቢ ማሽኑ ትርጉም የሌለው እርምጃ ተራመደ፤ ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው ሙሬይ ካምቤል ኋላ እንደተናገረው ምክንያቱ የፕሮግራም ስህተት ነበር። ካስፓሮቭ ግን ማሽኑ እሱ ያላየውን ጥልቅ ነገር አይቶ እንደሆነ መጠራጠር ጀመረ ይባላል። በሁለተኛው ጨዋታ ማሽኑ ሰው የሚመስል የረጋ ጨዋታ ተጫወተ፤ ካስፓሮቭ ተጨንቆ እጁን ሰጠ። ጉዱ በማግስቱ ተሰማ። እጅ በሰጠበት አቀማመጥ ላይ በማያቋርጥ ቼክ አቻ ማውጣት ይቻል ነበር። የዓለም ሻምፒዮን አቻ የሆነ ጨዋታ እጁን ሰጥቶ ሲወጣ የትኛው የነጥብ ሒሳብ ይተነብየዋል? ቀጥሎ ሦስት አቻ መጣ፤ 2.5 ለ 2.5። በስድስተኛው ጨዋታ፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ካስፓሮቭ ባልለመደው አከፋፈት ገብቶ ማሽኑ ፈረሱን ሠውቶበት በ19 እርምጃ ተሸነፈ። ጠቅላላው 3.5 ለ 2.5 ሆነ። አሸናፊው 700 ሺህ ዶላር፣ ተሸናፊው 400 ሺህ ወሰዱ።

በኔ እምነት በዚያ ሳምንት ዲፕ ብሉ ከካስፓሮቭ የበረታ ተጫዋች አልነበረም። ሁለቱ ተቀራርበው ነበር፤ በተቀራረቡ ተጫዋቾች መካከል በሚደረግ የስድስት ጨዋታ ግጥሚያ ደግሞ የሚወስነው የሚደክመው፣ የሚጠራጠረው፣ የሚናደደው ወገን ነው። ያ ሁልጊዜ ሰውየው ነው። አይቢኤም የመልስ ግጥሚያ ሳይሰጥ ማሽኑን ስለበታተነው ክርክሩ በጨዋታ ሳይፈታ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ይህን እምነቴን ያጠናክራሉ። በ2002 ባሕሬን ላይ ግራንድማስተር ቭላድሚር ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለው ፕሮግራም ጋር ሲጋጠም በውሉ መሠረት ፕሮግራሙን አስቀድሞ ተሰጥቶት ተለማምዶበታል። ካስፓሮቭ በ1997 ይህን ዕድል አላገኘም። ክራምኒክ ከአራት ጨዋታ 3 ለ 1 መርቶ በአምስተኛው ትልቅ ስህተት ሠራ፤ መጨረሻው 4 ለ 4። በ2003 ካስፓሮቭ ራሱ ዲፕ ጁኒየር ከተባለው ፕሮግራም ጋር 3 ለ 3 ወጣ። በ2005 ለንደን ላይ ሃይድራ የተባለው ማሽን ግራንድማስተር ማይክል አዳምስን 5.5 ለ 0.5 ቀጠቀጠው፤ እዚህ ላይ «ተቀራርበዋል» የሚባል ነገር አበቃ። በ2006 ቦን ላይ ክራምኒክ፣ ያኔ የዓለም ሻምፒዮን፣ ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር ዳግም ገጥሞ በአንድ እርምጃ የሚመጣ ማት ሳያይ ቀርቶ ተሸነፈ፤ ግጥሚያውም 4 ለ 2 አለቀ። ክለብ ያለ ጀማሪ እንኳ የሚያየው ማት ነበር።

ስለ ፍጥነት ብቻ ለሚያስብ ሰው ደግሞ የ2009ኙን ልጨምር። ፖኬት ፍሪትዝ 4 የተባለ ፕሮግራም በአንድ የኪስ ስልክ ላይ ተጭኖ ቦነስ አይረስ በተካሄደ ውድድር ከአሥር 9.5 ነጥብ አገኘ። የሚመረምረው በሰከንድ ከ20 ሺህ ያነሰ አቀማመጥ ነበር፤ ከዲፕ ብሉ አሥር ሺህ ጊዜ ያነሰ። በ12 ዓመት ውስጥ የበለጠ ያደገው ምኑን ማየት፣ ምኑን መተው እንዳለበት የማወቅ ብልሃቱ ነበር።

ታዲያ ዛሬ የሚተነበይ ነገር ቀርቷል? ቀርቷል፤ ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ማሽኑ ምን ያህል ቢለቅ ሰው እኩል ይሆናል? ካዛንቺስ ላይ ሁለት ጓደኛሞች መወራረድ ከፈለጉ በዚህ ይወራረዱ። በ2016 ግራንድማስተር ሂካሩ ናካሙራ ኮሞዶ ከተባለው የቼዝ ፕሮግራም ጋር አራት ጨዋታ ተጫወተ፤ ማሽኑ በየጨዋታው አንዴ ወታደር፣ አንዴ የመጀመሪያ እርምጃዎችን እያለ ብልጫ ሰጠው። ውጤቱ ሦስት አቻ፣ አንድ የናካሙራ ሽንፈት። በዚያን ጊዜ ዓለም ላይ ካሉት ጥቂት ምርጦች አንዱ ብልጫ ተሰጥቶትም አላሸነፈም። በ2020 አውስትራሊያዊው ግራንድማስተር ዴቪድ ስመርደን፣ ከናካሙራ በነጥብ በብዙ የሚያንሰው፣ ኮሞዶ አንድ ፈረስ ጎድሎት ሲጫወት 5 ለ 1 አሸነፈው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ጠጠር እየተለዋወጠ ሰሌዳውን ማጽዳት፣ ማሽኑ የሚያምታታበትን ነገር ማሳጣት። በወታደርና በፈረስ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ሚዛኑ አለ ማለት ነው። ሰዓቱ ሲያጥር ሚዛኑ ወደ ማሽኑ ያደላል፤ በሦስት ደቂቃ ጨዋታ ፈረስ ተለቆለትም የሚሸነፍ ግራንድማስተር ጥቂት አይደለም።

እዚህ ድረስ ያወራነው ስለ ፈረንጁ ቼዝ ነው። እኛም ሰንጠረዥ የተባለ የራሳችን አለን፤ ትንበያው ደግሞ እሱ ላይ ሲደርስ ይበልጥ ይጣፍጣል።

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ለዘመናት ተጫውቷል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ደንቡን በዝርዝር መዝግቦታል፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ታሪኩንና ደንቡን ሰብስቦ አሳተመ። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ ካሬ የለውም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ የተሰፋ ወይም የተሰመረ መስመር ነው። ንግሥት በምትቆምበት ቦታ ፈርዝ ይቆማል፤ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ጉልበት ያላቸው ፈረስና ደር (የፈረንጁ ቼዝ ሩክ) ብቻ ናቸው።

ከሁሉ የሚለየው ግን ወረራ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም በፈለጉት ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል እርምጃ፣ በአንድ ጊዜ ይራመዳሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሰልፉን ያሰናዳል። ተራ የሚጀምረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው።

የቼዝ ማሽን ሁሉ የተሠራው «እኔ፣ አንተ፣ እኔ፣ አንተ» በሚል ቅደም ተከተል ነው። ዲፕ ብሉም ስቶክፊሽም ቅርንጫፉን የሚዘረጉት በዚህ መሠረት ነው። ወረራ ላይ ይህ ይፈርሳል። ማሽኑ ወደፊት ማሰብ ብቻ ሳይሆን መቼ መራመድ፣ መቼ መጠበቅ፣ መቼ መብላት እንዳለበት መወሰን አለበት፤ ይህ ከቼዝ ይልቅ የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የሚገኝ ችግር ነው። ፍጥነት ብቻ ከሆነ ማሽኑ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ሰልፉን አሰልፎ ይጨርሳል። ስለዚህ ደንብ ያስፈልጋል። በ1997 የዲፕ ብሉን ጠጠር የሚያንቀሳቅሱት ከካስፓሮቭ ፊት የተቀመጡት መሐንዲሶች ነበሩ፤ ሰንጠረዥ ላይም ማሽኑ በሰው እጅ ይራመድ ቢባል ወረራው የሚፈጥነው በዚያ ሰው ጣት ልክ ይሆናል። ይህ አንድ ደንብ ብቻ ትንበያውን ሊገለብጠው ይችላል።

ሌላም አለ። ሰንጠረዥ ላይ ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፤ በምን ማት አደረግክ ይባላል። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ተራ ነገር ነው። በፊል፣ ከሁሉ ይልቅ በሁለት ፊል ወይም በፈርዝና በመደቅ (በወታደር) ማት ያደረገ ይደነቃል። የማሽን ግምገማ ግን አሸናፊነትን እንጂ ክብርን አያውቅም፤ አንድ ሰው ለክብር ነጥብ ካልሰጠው በደር እያሸነፈ ተመልካቹን ያሳፍራል። ነጥብ ከሰጠው ደግሞ ውጤቱ ማሸነፍ፣ አቻና መሸነፍ ብቻ ስላልሆነ የኤሎ ሒሳብ አይገጥመውም።

በኔ ግምት፣ ወረራው በሰው እጅ ፍጥነት ቢሆንና ማሽኑ ራሱን በራሱ አጫውቶ እንዲማር ጊዜ ቢሰጠው፣ ሰንጠረዥ ላይም ማሽኑ በርቀት ያሸንፋል። አልፋዜሮ የተባለው ፕሮግራም ይህን ለቼዝ አሳይቷል፤ ደንቡን ብቻ ተሰጥቶት ተምሮ በ2017 ስቶክፊሽን በመቶ ጨዋታ 28 አሸንፎ በ72 አቻ ወጥቶ አንድም አልተሸነፈም። በ2020 ደግሞ የሠሩት ሰዎች ከክራምኒክ ጋር ሆነው ደንባቸው የተለወጠ ዘጠኝ የቼዝ ዓይነቶችን አስተምረውታል። ሰንጠረዥ ከመካከላቸው አልነበረም።

ግምቴን በመቶኛ ስጠኝ ቢባል ግን አልችልም። የሰንጠረዥ ተጫዋቾች ነጥብ ያለበት ዝርዝር የለም። ቁጥሩ እንዲኖር መጀመሪያ ሃያ ሠላሳ ሰው ደንቡን ተስማምቶ፣ እርስ በርሱ በርካታ ጨዋታ ተጫውቶ፣ ወረራውን ጭምር በቪዲዮ መዝግቦ ነጥብ መያዝ አለበት። ከዚያ ማሽኑ ከነሱ ጋር ሃያ ያህል ጨዋታ ይጫወት፤ ሁለቱን ማኅበር የሚያገናኘው ያ ነው። ስልክ፣ ቀይ ጨርቅና ጥቂት ትርፍ ቅዳሜ ይበቃል።